590 ሊትሩን ማን ጠጣው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ነዳጅ ጉድለት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ጋ ብቻ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። አንዱ ላኪ ከሥሩ «አንተ የነዳጅ ዴፖ ውስጥ ሠርተህ የለ፣ እስቲ መልስ» የሚል ጨምሮበታል። እሺ፣ ልመልስ።

ላላነበበው ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አንድ ቦቴ ጅቡቲ ላይ 45,000 ሊትር ናፍታ ጫነ። አዲስ አበባ ሲያራግፍ 44,410 ሆነ። 590 ሊትር የለም። ስለዚህ ሾፌሩ መንገድ ላይ ሸጦታል ይላሉ ጸሐፊው። «ሙቀት ነው» የሚባለው የሌባ ሽፋን ነው፤ ፈሳሽ አይለጠጥም፣ አይታመቅም። በ15 ዲግሪ ማስላት የሚሉት ነገር (የተለካው ሊትር 15 ዲግሪ ላይ ቢሆን ስንት እንደሚሆን መመለስ) ለአውሮፓ ብርድ የተሠራ ወጥመድ ነው። የማስሊያ ሰንጠረዡም የፈረንጅ ግምት ነው። መጨረሻ ላይ ለአንባቢ ሁለት ምክር አላቸው፦ ነዳጅ በጠዋት ቅዱ፤ በበርሜል የምትወስዱ ደግሞ እስከ አፉ አስሞልታችሁ ክዳኑን ግጥም አድርጉ።

ንዴታቸው ይገባኛል። የነዳጅ ሌብነት አለ። በዓይኔ ያየሁትን እመጣበታለሁ። ግን በዚህ ሰነድ ላይ ያሉት ሾፌር ሌባ አይደሉም። ይህን የምለው አዝኜላቸው አይደለም። ጸሐፊው ራሳቸው ያያያዙት የርክክብ ሰነድ ፎቶ ነው የሚናገረው።

ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ከሊትሩ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ሲጫን 36 ዲግሪ። ሲራገፍ 21 ዲግሪ። ዴንሲቲ (የአንድ ሊትር ክብደት በኪሎ) በ15 ዲግሪ 0.840። ጸሐፊው ዘለዋቸዋል። ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነው።

ናፍታ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ይህኛው ናፍታ በእያንዳንዱ ዲግሪ ይዘቱ በ0.084 በመቶ ገደማ ይለወጣል። በአንድ ሊትር ላይ አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ማንም ልብ አይለውም። በ45,000 ሊትር ላይ ግን አንድ ዲግሪ ማለት 38 ሊትር ነው። ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ሁለት ሊትር ብቻ የጎደለው። ይህ ቦቴ 15 ዲግሪ ቀዝቅዟል። በስልካችሁ አባዙት።

በደንበኛው ቀመር ሲሰላ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። በ36 ዲግሪ የተጫነው 45,000 ሊትር፣ 15 ዲግሪ ላይ ቢለካ 44,198 ሊትር ነው። ያው ነዳጅ 21 ዲግሪ ላይ 44,424 ሊትር መሆን አለበት። የተራገፈው 44,410 ነው። ትክክለኛው ጉድለት 14 ሊትር። ከሺህ አንድ እንኳ አይሆንም። ቦቴ ላይ ወጥቶ በዲፕስቲክ፣ በመለኪያ ዘንግ፣ የለካ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር አሳስቶ ማንበብ ብቻ ይህን ያህል ሊያመጣ ይችላል።

በኪሎ ቢመዘን ኖሮ ጭቅጭቁ ባልተነሳም ነበር። ጅቡቲም 37 ቶን ከምናምን፣ አዲስ አበባም 37 ቶን ከምናምን። ነዳጁ ያው ነው። የተለወጠው የያዘው ቦታ ነው።

መንገዱን አስቡት። ከባህር ዳርቻ ተነስቶ፣ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌን፣ አዋሽን፣ አዳማን አልፎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል። ጅቡቲ በክረምት ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አዲስ አበባ በዚያው ወቅት ሹራብ ያስደርባል። ሹራብ ለብሳችሁ የተቀበላችሁት ነዳጅ በሸሚዝ የተጫነ ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። «ውሃ በጀሪካን ብታስቀምጡት ጠዋትና ማታ ያው ነው፤ ነዳጅ ምን የተለየ ነገር አለው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ዲግሪ የሚሰፋው 0.02 በመቶ ብቻ ነው። ናፍታ የዚያን አራት እጥፍ፣ ቤንዚን ስድስት እጥፍ ይሰፋል። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። የነዳጅ ሞለኪውሎች መያያዣ ግን የላላ ነው። ሙቀት ሲነካቸው ቶሎ ይራራቃሉ። ነዳጁ በቀለለ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ናፍታ 0.084፣ ላምባ 0.093፣ ቤንዚን 0.12 በመቶ። ወጥ ቤት ያለው ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ፕሮፔን ወደ 0.3 ይጠጋል። ሲሊንደር እስከ አፉ የማይሞላው ለዚህ ነው። ሻጩ ሰስቶ አይደለም። (የቦቴው ብረትም በሙቀት ይለጠጣል፤ ግን ከናፍታው 25 እጥፍ ያነሰ ስለሆነ እዚህ ትቼዋለሁ።)

«ሙቀት የሌባ ሽፋን ነው» ወደሚለው ልምጣ። ከጽሑፉ ሁሉ እውነት የሚቀርበው ይሄ ነው፤ መደምደሚያው ግን ተገልብጧል። ሙቀት ሽፋን የሚሆነው ሳይለካ ሲቀር ነው።

አንድ ጊዜ አፋር ውስጥ አንድ ማደያ ርክክብ ላይ ነበርኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የቦቴው መሰላል እጅ ያቃጥላል፤ በጨርቅ ይዤ ነው የወጣሁት። መጀመሪያ ማኅተሙን አየሁ፣ ደህና ነው። ክዳኑ ሲከፈት ትኩስ የናፍታ ሽታ ፊቴን መታኝ። የዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ የሚለይ ቅባት ቀብቼ አወረድኩ። ቅባቱ ቀለሙን አልቀየረም፤ ውሃ አልጨመሩበትም ማለት ነው። የነዳጁን ከፍታ አንብቤ በቦቴው የራሱ ሰንጠረዥ ወደ ሊትር ስመልሰው 44,400 ሊትር ወጣ። የተጫነው 45,000 ነበር። 600 ጎደለ።

ሾፌሩ ልጅ እግር ነው። ከታች ሆኖ «አለቃ፣ ሙቀት ነው እኮ፤ ተኮማትሮ ነው» አለኝ። ቃሉን ከየት እንደለመደው አላውቅም። ቴርሞሜትሩን በገመድ ወደ ታንኩ ወገብ አወረድኩና አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ሳወጣው 33 ዲግሪ ይላል። ሰነዱ ላይ ሲጫን 36 ነው። የቀዘቀዘው ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው። በሦስት ዲግሪ ሊሰበሰብ የሚችለው 117 ሊትር ገደማ ነው። ቀሪው 480 ሊትርስ? ወርጄ ቁጥሩን በእስኪርቢቶ መዳፌ ላይ ጽፌ አሳየሁት። ልጁ ምንም አላለም። ስልኩን አወጣና ራቅ ብሎ ሄደ።

ሁለቱን ቦቴዎች አስተያዩ። ጉድለታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 590 እና 600። በሊትር ብቻ ብትፈርዱ ወይ ሁለቱንም ታስራላችሁ ወይ ሁለቱንም ትለቃላችሁ። አንዱን ነፃ ያወጣው ቴርሞሜትር ነው ሌላውን ያጋለጠው። ጸሐፊው «ሙቀት የሚባለው ነገር ከሰነድ ላይ ይሰረዝ» ብለው ሲጠይቁ ያ ልጅ ቢሰማ ደስታውን አይችለውም።

አሁን «ፈሳሽ አይታመቅም» የሚለው። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። በአስራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የፍሎረንስ ሊቃውንትም እንዲያ ብለው ነበር። ውሃ በብረት ኳስ ውስጥ ዘግተው ቢቀጠቅጡት በብረቱ ቀዳዳ ላብ መስሎ ወጣ እንጂ አልታመቀም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1762 ግን ጆን ካንተን የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ውሃ በግፊት እንደሚያንስ በሙከራ አሳየ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ቻሌንጀር የምትባል መርከብ ጥልቅ ባህር ስትመረምር፣ ወደ ታች የወረዱት ቴርሞሜትሮች በግፊቱ ምክንያት ተሳሳቱ። ስህተቱን እንዲያጣራ የተጠየቀው ስኮትላንዳዊው ፒተር ቴት ፈሳሽ በግፊት ስንት እንደሚታመቅ ለካ። በስሙ የሚጠራው ቀመር ዛሬም ለነዳጅ ይሠራል። መነሻው የባህር ቴርሞሜትር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለቦቴ ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ በምክንያቱ ባይሆንም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲወጣ የአየር ግፊት ከ101 ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይወርዳል። ግፊቱ ስለቀነሰ ነዳጁ ትንሽ ይላላል። ስንት? በ45,000 ሊትር ላይ አንድ ሊትር አይሞላም። በሙቀት ከተሰበሰበው 576 ሊትር (ከ45,000 ወደ 44,424) ጋር ስታስተያዩት ምንም ነው። ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ከፍታው በሌላ መንገድ ያስጨንቀኝ ነበር። የአየር ግፊት ሲያንስ ትነት ይቀላል። ናፍታ ግን እምብዛም አይተንም።

ግፊት ትልቅ ነገር የሚሆነው ሌላ ቦታ ነው። የዘመኑ ናፍታ መኪና ያለው ሰው ጋራዥ ሄዶ «ኮመን ሬይል» የሚለውን ቃል ከነዋጋው ሰምቷል፤ ናፍታው ወደ ሞተሩ ከመረጨቱ በፊት በከፍተኛ ግፊት የሚጠራቀምበት ቱቦ ነው። እዚያ ውስጥ ግፊቱ 2,000 ባር ሊደርስ ይችላል (አንድ ባር ባህር ዳርቻ ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው)። በዚያ ግፊት ናፍታ ከይዘቱ ወደ 8 በመቶ ያጣል። «የማይታመቀው» ፈሳሽ ማለት ነው እንግዲህ። የኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫው) ሠሪዎች ይህን ባያሰሉ ሞተሩ የሚገባውን ጠብታ አያገኝም።

ሌላው የተዘጋ ቧንቧ ነው። በሁለት ቫልቭ መካከል ናፍታ ጢም ብሎ ተዘግቶ ፀሐይ ሲወጣበት መስፋት ይፈልጋል፤ ቦታ የለም። በአንድ ዲግሪ ብቻ ግፊቱ ወደ 10 ባር ይጨምራል። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ከምናምን ነው። አስር ዲግሪ ሲሞቅ የሚሆነውን ለእናንተ ልተወው። ዴፖ ውስጥ በየቧንቧው ላይ የምታዩዋት ትንሽ ማስተንፈሻ ቫልቭ ሥራዋ ይህ ነው።

የ15 ዲግሪው «ወጥመድ» ብዙ አያስኬድም። ጤፍ በጣሳ ስትገዙ ጣሳው ተነቅንቆ ነው ወይስ ሳይነቀነቅ? የትኛውም ይሁን፣ ሻጭና ገዢ በአንዱ ከተስማሙ ማንም አይጎዳም። አሜሪካኖች በ60 ፋራናይት ይለካሉ፤ 15 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ብራዚልና ሩሲያ በ20 ዲግሪ። በ30 ብታደርጉትም የዚያ ቦቴ እውነተኛ ጉድለት ያው 14 ሊትር ነው። ተጎጂ የሚኖረው አንዱ ጫፍ በ15 ቆጥሮ ሌላው ጫፍ በታየው ሊትር ሲቆጥር ነው። ጸሐፊው ሊያወግዙት የሚገባው ይህንን ነበር።

«ሰንጠረዡ የፈረንጅ ግምት ነው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። የቆየው ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ነው። ድፍድፉንም የተጣራውንም በአንድ መስፈሪያ ስለሚሰፍር በእርግጥም ይተች ነበር። ስለተተቸ ነው በ1970ዎቹ የአሜሪካ የመለኪያ ደረጃዎች ቢሮ ናሙና ሰብስቦ እንደገና የለካው። በ1980 የወጣው አዲሱ ድፍድፍን ከቤንዚን፣ ቤንዚንን ከናፍታ ለየ። በ2004 ደግሞ የሙቀቱና የግፊቱ ስሌት ወደ አንድ መጣ። ግምት እንዲህ በተደጋጋሚ አይታረምም።

ደግሞ ቀመሩ «ናፍታ ሁሉ አንድ ነው» አይልም። «የያዝከው ነዳጅ ዴንሲቲው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዴንሲቲ፣ በትምህርት ቤት ቋንቋ እፍግታ፣ በቦታው ይለካል። ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ናፍታ ትቀዳላችሁ። ሃይድሮሜትሩን፣ ተንሳፍፎ ዴንሲቲ የሚያሳየውን የመስታወት መለኪያ፣ ቀስ ብላችሁ ትለቁታላችሁ። ትንሽ እንደ ቡሽ ይዋልላል፣ ከዚያ ይረጋል። ዓይናችሁን ከፈሳሹ ደረጃ ጋር እኩል አድርጋችሁ ታነባላችሁ። ላቦራቶሪ ያለው ደግሞ የምትርገበገብ የመስታወት ቱቦ አለችው። ውስጧ የገባው ፈሳሽ በከበደ ቁጥር ርግብግቢቷ ይዘገያል፤ ከዚያ ላይ ዴንሲቲው እስከ ብዙ አሃዝ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ዲጂታል መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ኦስትሪያ ውስጥ ግራዝ ከተማ ነው የተሠራችው። ስለዚህ ወደ ቀመሩ የሚገባው ቁጥር የአሜሪካ አይደለም። እዚሁ ብርጭቆ ውስጥ የተንሳፈፈው ነው።

ሰንጠረዡ የማይሠራበት ቦታ አለ ወይ? አለ። ጸሐፊው «ነገ በኦጋዴን ድፍድፍ ስናወጣም በዚሁ ሊበሉን ነው» ይላሉ። እዚያ እንኳ ይህ ሰንጠረዥ አይገባም። ከምድር ሥር ያለ ድፍድፍ ጋዝ ተሟሙቶበት ይኖራል፤ እንደ ታሸገ ለስላሳ ማለት ነው። ናሙናው ወፍራም ግድግዳ ባለው የግፊት ዕቃ ውስጥ ይገባል። እንደ ከርሰ ምድሩ ይሞቃል። ከዚያ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። መጀመሪያ ፈሳሹ በትንሹ ይሰፋል። አንድ ነጥብ ላይ ግን የመጀመሪያዋ የጋዝ አረፋ ብቅ ትላለች። ከዚያች በታች ግፊት ሲቀነስ ፈሳሹ መስፋቱን ትቶ ማነስ ይጀምራል፤ ጋዙ ጥሎት እየወጣ ነዋ። ይህን ለመተንበይ እ.ኤ.አ. በ1976 ፔንግና ሮቢንሰን ያወጡትን ዓይነት ቀመር ይጠቀማሉ። እሱም የጋዙን ነገር ጥሩ አድርጎ ይናገራል እንጂ የፈሳሹን ዴንሲቲ ስለሚያዛባ ማስተካከያ ይለጠፍለታል። ሞዴል ሁሉ ልክ ነው አላልኩም። ለየትኛው ሥራ እንደተሠራ ይታወቅ ነው የምለው።

«በጠዋት ቅዱ» ወደሚለው ምክር። የማደያ ታንክ ከመሬት በታች ነው። የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት አፈር ውስጥ ብዙም ሳይገባ ይሞታል። አንድ ሜትር ሥር ጠዋቱም ቀትሩም አንድ ነው። ለክርክር ያህል ሁለት ዲግሪ ልዩነት አለ እንበል። 40 ሊትር ቤንዚን ላይ የምታተርፉት 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሲኒ ተኩል። በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስታችሁ ከቆያችሁ ከዚያ በላይ አቃጥላችኋል። ይልቅ ቦቴ አሁን አራግፎ የሄደበት ማደያ ውስጥ ያለው ነዳጅ ነው ሞቅ ብሎ ሊገኝ የሚችለው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው አጠገቡ ደርሰው ያለፉት እውነተኛ ቅሬታ አለ። ቅሬታው የአዲስ አበባ ሰው አይደለም። የሰመራና የጋምቤላ ሰው ነው። ቀዝቃዛ ሊትር ውስጥ ብዙ ነዳጅ አለ፣ ሞቃት ሊትር ውስጥ ያነሰ። ነዳጁ በ12 ዲግሪ ከሞቀ፣ ቆላው ላይ 40 ሊትር ቤንዚን የቀዳ ሰው ከአዲስ አበባው ገዢ ከግማሽ ሊትር በላይ ያነሰ ነዳጅ ይዞ ይሄዳል። የማደያው ደረሰኝ ላይ ስለ ሙቀት አንዲት ቃል የለችም። ካናዳ ያላችሁ ወገኖች ብዙ ማደያዎች ላይ «በ15 ዲግሪ የተስተካከለ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ማሽኑ ራሱ ሙቀቱን ለክቶ ያስተካክለዋል። በነገራችን ላይ ይህ የሚጠቅመው ሻጩን ነው፤ አገሩ ብርድ ነዋ። አሜሪካ ውስጥ ማደያው በአብዛኛው አያስተካክልም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የሞቃት ግዛቶች ነዳጅ ሸማቾች በዚህ ሳቢያ ያቀረቧቸው ክሶች ተሰብስበው ካንሳስ ፍርድ ቤት ታይተዋል። ሰመራ ላይም ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የቀረው በርሜሉ ነው። ከጽሑፉ ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ፈቃድ ይዛችሁ ለውሃ ፓምፕ ወይም ለወፍጮ በበርሜል የምትወስዱ ሰዎች፣ እባካችሁ «እስከ አፉ አስሞሉ» የሚለውን አትስሙ። በ18 ዲግሪ ደጋ ላይ 200 ሊትር ቤንዚን የያዘ በርሜል ቆላ ወርዶ 38 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ ያለው 205 ሊትር ይሆናል። ባዶ ቦታ ካለ አምስቱ ሊትር ደረጃውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋል፣ በቃ። ባዶ ቦታ ከሌለና ክዳኑ ግጥም ካለ ግን ቧንቧው ላይ ያየነው ነው የሚመጣው። በርሜሉ ይነፋል፣ ስፌቱ ያፈሳል፣ ያ ቤንዚን ደግሞ አይሱዙ ላይ ከሰውና ከከሰል ጆንያ ጋር ነው ያለው። አራት ጣት ያህል ባዶ አስቀሩ። ቀጂው «ልሙላው?» ካላችሁ፣ አይሆንም በሉት።